ከሰሜኑ ትሪቡን ስር

ቤታችን ከዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው፤ አያቴ ኦዴሳ ግን አንድም ቀን ገብታበት አታውቅም። ወንድሜ ትሬቨን የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ተከላካይ ሆኖ መላው ጆርጂያ ስሙን ሲጠራ እንኳ እግሯን አላነሳችም።

«እማማ፣ ሠፈሩ በሙሉ አይቶኝ አንቺ ብቻ ቀረሽ እኮ። ሰው ምን ይለኛል?» ይላታል።

«የፈለገውን ይበል። እኔ ወንድሜን ረግጬ ጨዋታ አላይም።»

ነገሩን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ስታዲየሙ የቆመበት መሬት ድሮ የጥቁሮች ሠፈር ነበር። አያቴ ልጅ ሳለች ዩኒቨርሲቲው ሜዳውን ማስፋት ፈለገ፤ ከተማው ፈረደለት፤ ቤቶቹ ፈረሱ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ፈረሰ። መቃብሩ ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወረ ተባለ። በሕፃንነቱ የሞተው የወንድሟ የዌንደል ድንጋይም እዚያ ተተከለ። «ድንጋዩ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ሣጥን ሲወጣ ግን ያየ የለም» ትላለች። እኛ እርጅና ነው እንል ነበር።

ባለፈው ሐምሌ ከሰሜኑ ትሪቡን ስር አዲስ የመልበሻ ክፍል ለመሥራት ሲቆፈር አጥንት ወጣ። ቆፋሪው የኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆነ ወሬው እሑድ ሳይደርስ ተዳረሰ። ጉድጓዱ ታጠረ፣ በሸራ ተሸፈነ። ብዙም ሳይቆይ ሚስተር ፕሩይት የሚባል ሰው ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቢሮ ተልኮ ቤታችን መጣ።

«ወይዘሮ ኦዴሳ፣ ከልብ አዝነናል። የውድድሩ ዘመን እስኪያልቅ ብቻ ይታገሡን፤ ከዚያ በባለሙያ እናስቆፍረዋለን። እስከዚያው ከክብር እንግዶች ጋር መቀመጫ አዘጋጅተንልዎታል።»

«ከላይ ነው ከታች?»

ሰውየው ደስ አለው። «ከላይ ነው እንጂ! ሜዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል።»

«አየህ ልጄ፣ የኔ ሰው ያለው ከታች ነው» አለችው።

ትሬቨን በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ወጥቶ ወደ አሰልጣኙ፣ ወደ ሂክማን፣ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«'አንተ ኳስህን ተጫወት፣ ሙታንን ለእግዚአብሔር ተው' አለኝ።»

የመክፈቻው ጨዋታ ቀን ደረሰ። ጉድጓዱ ጣውላ ተነጥፎበት ቡድኑ በላዩ አልፎ ወደ ሜዳ እንዲወጣ ተደርጓል። እኔ ከተጫዋቾች ቤተሰብ ጋር ተቀምጫለሁ። ከበሮው ተመታ፣ ልጆቹ ለድምቀት በተለቀቀ ጭስ መሃል እየሮጡ ወጡ፤ ወንድሜ ግን የለም። ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

«እማማን በሰሜኑ በር ይዘሻት ነይ» አለኝ።

ወደ ቤት ሮጬ «ትሬቨን ሜዳ አልገባም፤ ይፈልግሻል» ብዬ ይዣት መጣሁ። የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ክንዴን ጨብጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባች። ትሬቨን ትጥቁን እንደታጠቀ፣ ሄልሜቱን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የጉድጓዱን አጥር ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ተነስ! ጨዋታው ተጀምሯል እኮ» አለችው።

«አልረግጠውም፣ እማማ።»

«አብደሃል? ይህን ሁሉ ዓመት የለፋህበትን!»

«አንቺስ ዕድሜሽን ሙሉ እምቢ ብለሽ የለም እንዴ?»

ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ አጠገቡ ተቀመጠች። በላያችን ሕዝቡ ያገሳል፤ የፈሰሰ ቢራ በመቀመጫዎቹ ስንጥቅ እየተንጠባጠበ ባርኔጣዋን አበሰበሰው። አንድ ሰካራም በደረጃው አዘቅዝቆ አይቶን «አንተ ፈሪ! ግባና ተጫወት!» ብሎ ተሳደበ። ሌላው ፎቶ አነሳን።

ቡድኑ ተሸነፈ፤ ፎቶው ግን አገር አዳረሰ። ዩኒቨርሲቲው ኀፍረቱን አልቻለውምና የውድድሩን መጨረሻ ሳይጠብቅ ባለሙያዎች አስገባ። የብዙ ሰው አጥንት ወጣ። የማናውቃቸው አዛውንቶች ከየከተማው መጥተው የዘመዶቻቸውን ስም እየጠሩ አለቀሱ። ዌንደል ግን አልተገኘም። ቁፋሮውን የምትመራው ወጣት ሴት አያቴ ፊት ተንበርክካ «እናቴ፣ እንዲህ ያለ ቀይ አፈር የሕፃን አጥንት አያቆይም» አለቻት። አያቴ «ገባኝ» አለች።

ሂክማን ትሬቨንን «ቡድኑን ከድቷል» ብሎ አባረረው። ሲደውሉለት የነበሩት የትልልቆቹ ክለቦች መልማዮችም ጠፉ። አሁን በአጎታችን ጎማ ቤት ይሠራል። ሥራ ክቡር ነው፤ ያ ትከሻ ግን ጎማ ለማንሳት የተሠራ አልነበረም።

አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን ኦቾሎኒ ስንፈለፍል አያቴ እጇን አቆመች።

«አንተን የቀበርኩህ እኔ ነኝ» አለችው ትሬቨንን።

«ኧረ እማማ፣ አልሞትኩም እኮ!»

«ሞተሃል ወጣኝ? ቀበርኩህ ነው ያልኩት።»

ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ተነስቶ መኪናውን አስነሳና ወደ ሥራው ሄደ። ማታ ሲመለስ ራቱን አሙቃ ጠበቀችው። አጠገቡ ተቀምጣ እስኪጨርስ አየችው፤ ያን ነገር ግን ሁለቱም ዳግመኛ አላነሱትም።