የደበዘዘው ቀይ

"አሁንስ?" አለች ሴል ቆጣሪዋ ማይክሮስኮፑን አስተካክላ።

ሽማግሌው የሥራ ባልደረባዋ ጎንበስ ብለው አዩ። "ንጹሕ ነው። አንድም የሞተ የለም። ሁሉም ከእኔ ይሻላሉ።"

ሳቅ አልመጣላትም። ከዚያው የናሙና መስታወት ላይ እሷ ስድስት የሞቱ ቆጥራ ነበር።

ሥራቸው ከሕመምተኞች የተወሰደ የደም ቧንቧ በስሱ ተቆርጦና ቀለም ውስጥ ተነክሮ ሲመጣላቸው ሴሎቹን መቁጠር ነው። የሚባዙት ቡናማ፣ የሚሞቱት ቀይ ሆነው ይታያሉ። ለየብቻ ይቆጥራሉ፤ አንዳቸው የሌላውን ውጤት አያዩም። ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ጠዋት ውጤታቸው ጎን ለጎን ሲቀመጥ ቡናማው ገጠመ፤ ቀዩ ግን ጭራሽ አልተገናኘም፤ ስለዚህ አንድ ላይ ደግመው እያዩ ነው።

ደክሟታል። ወገቧ ተቆርጧል፣ ዓይኗ ይቆጠቁጣታል። የራሷን ቁጥር ዝቅ አድርጋ ከእሳቸው ጋር ብታስማማው ነገሩ አልቆ ቤቷ ገብታ ትተኛ ነበር። ግን የሚሞቱት ሲበዙ የቧንቧው ግድግዳ ይሳሳል፤ አንድ ቀን ይቀደዳል። በሕመምተኞቹ ላይ የሚሞከረው አዲስ መድኃኒት ሰው ይጎዳ እንደሆነ የሚታወቀው በቀዩ ነው።

"ጋሼ፣ ስድስት ቀይ አሉ።"

ሽማግሌው ቀና አሉ። "ቀዩ ከደበዘዘብኝ ከረመ" አሉ። "ጡረታዬ ደርሷል፤ እስከዚያ እንደምንም እገፋዋለሁ ብዬ ነበር።"

"ምነው ቢነግሩኝ?"

"ምን ብዬ? ያስተማርኩሽን ራሴ አላየውም ልበልሽ?"

አንጀቷን በሉት። ወዲያው በሩ ተከፈተና ጥናቱን የምትመራው ሐኪም ገባች።

"እህ፣ የማንን ቁጥር ልያዝ? መድኃኒቱን ለሌሎች ሕመምተኞች እንስጥ ወይስ እናቁም የሚሉኝ ሰዎች እየጠበቁኝ ነው።" የሽማግሌውን ፊት ስታይ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ከፈለግሽ ውጪ እናውራ።"

ኮሪደሩ ላይ ቢሆን ይቀል ነበር። ሁለት ቃል ተናግራ ትገላገል፣ እሳቸውም ሌላ ቀን ከሌላ ሰው ይሰሙት ነበር። ሽማግሌው ጠረጴዛውን እያዩ እንድትወጣ የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ወንበሯን ስባ ከጎናቸው ተቀመጠች።

"አይ፣ ዶክተር" አለች። "እሳቸው ባሉበት ነው የምናገረው።"