ሰው ግቢ የቀረች ሐረግ

ልብስ ሰፊዋ በተከራየችው ቤት ግቢ ቡገንቪላዋን ስትተክል፣ ሐረጊቱ ከእርሳስ የማትበልጥ ቁራጭ እንጨት ነበረች። እንደ ልጅ አሳደገቻት። የቧንቧ ውሃ በጠፋ ጊዜ እንኳ ከሩቅ በጀሪካን ተሸክማ ታጠጣታለች። ሐረጊቱም አላሳፈረቻትም፤ አጥሩን አልፋ ጣሪያው ላይ ወጣች። አበባ ግን የለም፤ ቅጠል በቅጠል ብቻ።

«አንቺ፣ ጎመን ነው እንዴ የተከልሽው?» እያሉ ጎረቤቶቿ ይስቁባታል።

«ቆዩ ብቻ፣ ታያላችሁ!» ትላለች።

እሷው ሳታይ ቀረች። አከራይዋ ቤቱን ሸጡትና፣ የስፌት መኪናዋን አስጭና አፈር የሚባል ነገር የሌለበት ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየች።

በበጋው፣ በአውቶቡስ ስታልፍ የድሮ ቤቷ አጥር እሳት የያዘው መሰላት። ቅጠሏ እስከማይታይ ድረስ አብባለች! «የኔ ናት እኮ!» አለች ጮክ ብላ፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ቦርሳውን ጠበቅ አደረገ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ፌርማታ ቀድማ መውረድ አመጣች። ከመንገዱ ማዶ ቆማ፣ ከቦርሳዋ ዕቃ የምትፈልግ መስላ ታያታለች። ሰው ሲመጣ እንደ ሌባ ሹልክ ትላለች።

አንድ እሑድ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የቤቱ አዲስ ባለቤት፣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ መጋዝ ይዞ መሰላል ላይ ቆሟል።

«ወንድሜ፣ ተው! በናትህ ተው!» እያለች ዘው ብላ ገባች።

«ቆርቆሮዬን ገነጠለችው እኮ እናቴ! ክረምት ሲገባ አልጋችን ላይ ነው የሚዘንበው።»

«ግዴለህም፣ እኔ እከረክምልሃለሁ። የተከልኳት እኔ ነኝ።»

የሹፌሩ ወጣት ሚስት ከቤት ወጥታ ትክ ብላ አየቻት። «እትዬ፣ ከማዶ የሚቆሙት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ አፈረች። መቀስ ተቀበለችና መሰላሉ ላይ ወጣች። ጣሪያውን የያዘውን ሁሉ አወረደች፤ አበባ የበዛበትን ግን ወደ አጥሩ ዘንበል አድርጋ በጨርቅ አሰረችው። እሾሁ ክንዷን ቧጨራት።

«ምን ብታጠጫት ነው እንዲህ ያበበችልሽ?» አለቻት ወጣቷን፣ ከመሰላሉ ስትወርድ።

«እኔ? አንድ ቀንም አጠጥቻት አላውቅም! ውሃ ሲበዛባት ቅጠል ብቻ ነው አሉ የምታወጣው። ሲጠማት ነው የምታብበው።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን መለሰችላት። ያ ሁሉ ጀሪካን!

«እኔ እኮ እንዳይጠማት ነበር የምፈራው» አለች።

ሹፌሩ መሰላሉን ሲያነሳ፣ እሷ እጇን ታጥባ ቀና አለች፤ እግሯ ሳታስበው ድሮ ወደምትኖርበት ክፍል ወሰዳት። የበሩን እጀታ ከያዘች በኋላ ነው ከውስጥ የሰው ሬዲዮ የሰማችው። ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«ይግቡ እንጂ እትዬ፣ ምን አለበት?» አለች ወጣቷ ቀስ ብላ።

«አይ ልጄ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«እንግዲያው እሑድ እሑድ ይምጡ። ወንበር አወጣልዎታለሁ።»

መጣችም። ጀርባዋን ለክፍሉ፣ ፊቷን ለአበባው ሰጥታ ትቀመጣለች፤ ከወጣቷ ጋር ስትጫወት ይመሻል። ስትሄድ የግቢውን በር ከውጭ ስቦ መዝጋቱን ግን እስከ ዛሬ ልትለምደው አልቻለችም።