ያልተነሡት እጆች

ወይዘሮ በሰለች ወልደሩፋኤል ከሰላ ድንጋይ ተመርጠው የክልሉ ምክር ቤት አባል ከሆኑ አምስት ዓመታቸው ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ድምፅ ሲሰጥ እጃቸውን ከማንሣት በቀር በአዳራሹ አንድም ቃል አልተናገሩም።

በመጨረሻው ጉባኤያቸው የቀረበው ረቂቅ አዋጅ ግን የቀድሞ ትምህርት ማስረጃ የሌለው ተማሪ ለፈተና አይመዘገብም ይላል። በደብረ ብርሃን መጠለያ የሚኖሩት ተፈናቃዮች ቤታቸው ሲቃጠል የልጆቻቸው ካርድም አብሮ ነዷል። ከእነርሱ አንዷ ጥሩዬ፣ «እትዬ በሰለች፣ ልጄ ህሊና ከትምህርቷ ልትቀርብኝ ነው» ብላቸው ነበር።

ወይዘሮ በሰለች ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ዛሬስ ወንበሩ ቆረቆረዎት እንዴ?» ሲሉ አጠገባቸው የተቀመጡት የደነባው ተመራጭ አቶ ባየው አንሾካሾኩ።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣» አሉ ወይዘሮ በሰለች፣ «ከመካከላችን የስምንተኛ ክፍል ካርዱን እስከ ዛሬ ያቆየ እጁን ያንሣልኝ። የማናችንም ቤት አልተቃጠለም።»

እጅ ማንሣት በለመደው በዚያ አዳራሽ አንድም እጅ አልተነሣም። አፈ ጉባኤውም የራሳቸውን ካርድ የት እንዳኖሩት ለማስታወስ ሲጥሩ ቆይተው ሳቁ። ማስረጃው የጠፋበት ተማሪ በመምህራን ተመዝኖ እንዲመዘገብ የሚል አንቀጽ ተጨመረና በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

«ይህን አንደበት የት ደብቀውት ኖረዋል?» አሉ አቶ ባየው።

«ሌሎቻችሁ መቼ ፋታ ሰጣችሁኝ?»

ወይዘሮ በሰለች ወደ መተላለፊያው ወጥተው ደወሉ። «ጥሩዬ፣ ሰኞ ህሊናን ወስደሽ አስመዝግቢያት» አሉ። ከመጠለያው የተነሣው እልልታ ስልኩን ከጆሯቸው እስኪያርቁ ድረስ ቀለጠ።