የአሪየት ይዞታ

«አባባ፣ ይኼ ዱር የማን ነው?» አለች አቢጋኤል፣ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ።

«የአሪየት፤ የልጄ» አሉ ሽማግሌው ኦሞት፣ መጥረጊያቸውን እንደያዙ።

«እንግዲያ እሷ ትምጣና ትፈርም።»

«አሪየት አትመጣም።»

ለአቢጋኤል ከተማ ሄዳ አባቷን የረሳች ልጅ መሰለቻት። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመት አልሞላትም፤ የሰው ቤት ጉዳይ መጠየቅ ያሳፍራታል።

የጋምቤላ ክልል ገና መቋቋሙ ነው። የምትሠራበት ቢሮ የአቦቦ ወረዳን ደን የመንግሥት፣ የማኅበረሰብና የግል ብላ እንድትመድብ ልኳታል። የግል የሚባለው ባለቤቱ ቀርቦ ሲፈርም ብቻ ነው።

«ማን ያርሰዋል?»

«ማንም አያርሰው። ሰባት ዓመት ሆነው።»

«የመንደሩ ሰው እንጨት ይቆርጥበታል?»

ኦሞት ሳቁ። «ማን ይደፍራል? አንቺ ልጅ፣ ጥያቄ አያልቅብሽም!»

«ያልተያዘ፤ የመንግሥት» ብላ ጻፈች።

«ተጻፈ? አሁን ማንም አይነካውም?»

«ማንም አይነካውም፣ አባባ።»

ደስ ብሏቸው በምስክር ቦታ ላይ አውራ ጣታቸውን አተሙ።

አቢጋኤል ወደ ጋምቤላ ስትመለስ የቢሮው ሾፌር ቢየል፣ «ሽማግሌው አንጀቴን በሉት» አለ።

«ምነው?»

«አሪየት በወሊድ ሞታ እዚያው ማሳዋ ላይ ነው የተቀበረችው። ከዚያ ወዲህ ዛፍ ያብቅልላት ብለው ማሳውን ተዉት። በየጠዋቱ ገብተው መቃብሯን ይጠርጋሉ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

በማግስቱ የምትናገረውን በልቧ እየደጋገመች አለቃዋ አቶ ዘውዱ ዘንድ ገባች። ካዘጋጀችው ግማሹን እንኳ ሳትናገር ወረቀቱን ገለጡት።

«አቢጊ፣ የሞተ ሰው ይዞታ የሚባል መደብ የለንም እኮ። ደግሞ ያልተያዘ መሆኑን ራሳቸው በጣታቸው መስክረዋል።»

እኔ ነኝ ያሳሳትኳቸው ማለት ነበረባት።

«እሺ» ብላ ወጣች። መጸዳጃ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች።

በኅዳር ወር ዱሩ አፍ ላይ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ታፔላ ተተከለ፤ ጥበቃም ተቀጠረ። ኦሞት ሁለት ጊዜ ሾልከው ሊገቡ ሲሉ ተይዘው ተመለሱ። በሦስተኛው ጠዋት መጥረጊያቸውን ይዘው መጡ፣ ታፔላው ሥር ያለውን መሬት ጠረጉ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ።