የእትዬ ጥፍሮች

አንዳንድ ሰው ሲሞት ይሄዳል፤ እትዬ ግን አልሄደችም። ከተቀበረች አሥራ አንድ ቀኗ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህቷ ግን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት በሆነ ቁጥር ከስፌት መኪናዋ ተነስታ የማስታገሻ ሽሮፑን በማንኪያ ትቀዳለች። ቀድታ፣ እንዳይፈስባት በግራ እጇ ደግፋ፣ መኝታ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ነው አልጋው ባዶ መሆኑ ትዝ የሚላት። ይሄ እንኳ የልማድ ነገር ነው ይባል። ጉዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እትዬ መድኃኒቷን ውጣ በየቀኑ ትጠይቃት የነበረው ጥያቄ፣ በዚያው በደከመ ድምፅ፣ ከትራሱ በኩል ይመጣል።

«የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

እትዬ በሕይወት ሳለች ታናሽየዋ «ኧረ ምንም የለም እትዬ» ብላት ትወጣ ነበር፤ የበሽተኛ ወግ መስሏት። አሁን ግን ማንኪያውን እንደያዘች ወደ ኋላዋ ትመለሳለች።

ነገሩን ከሥሩ እናምጣው። እትዬ ዕድሜዋን በሙሉ መድኃኒት ቤት ስትቀምም የኖረች፣ ሻይዋ ላይ ስኳር ስትጨምር እንኳ የሐኪም ማዘዣ የምታነብ የምትመስል ሴት ነበረች። አላገባች፣ አልወለደች፤ የኔ የምትለው ግቢዋ ውስጥ ያለውን የፋርስ አበባ ብቻ ነው። አበባው ድፍን ነጭ፣ የአበባ ቅጠሉ እንደ ስስ ወረቀት እርስ በርሱ የተደራረበ፣ አይቶ የማይጠገብ ነው። ሥሩ ግን ያስፈራል። የደረቀ የወፍ እግር ነው የሚመስለው። እናታቸው በየዓመቱ ተክሉ ሲደርቅ ሥሩን ከአፈር እያወጣች፣ በወረቀት ከረጢት እያቆየች፣ ጊዜው ሲደርስ መልሳ ትተክለው ነበር። እሷ ስታልፍ ሥራው ወደ እትዬ ዞረ። ሥሮቹን «ጥፍሮቼ» ነበር የምትላቸው። ታናሽየዋ ደግሞ ለእነዚህ ኮተቶች የምትሳሺውን ያህል ለእኔ ብትሳሺልኝ ምን ነበረበት እያለች ትነካካታለች፤ በቀልድ መስላ፣ የልቧን።

ጥፍሮቹ ከመተከላቸው በፊት ከጠዋት እስከ ምሳ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋሉ። ከዚያ ካለፉ አለቀላቸው፤ ይበሰብሳሉ። እትዬ ሕመሙ የጣላት እነሱን በዘፈዘፈችበት ጠዋት ነው። ሆስፒታል ሊወስዳት የመጣው ታክሲ ውስጥ በሰው ትከሻ ተደግፋ ስትገባ ስለ ራሷ ትንፍሽ አላለችም።

«ምሳ ሰዓት ላይ አውጪልኝ» አለች። «አደራ።»

ታናሽየዋ ልታወጣ ነበር፤ እውነቷን ነው። ግን አንዲት ሙሽራ ወገቡ ጠበበኝ ብላ እያለቀሰች ቀሚሷን ይዛ መጣች፤ ቀሚሱ ተፈታ፣ ተሰፋ፣ መሸ። በማግስቱ ቅያሪ ልብስ ይዛ ሆስፒታል ዋለች። በሦስተኛው ቀን ወጥ ቤት ስትገባ ሽታው ተቀበላት። እጇን መዘፍዘፊያው ሳህን ውስጥ ብትከት የእናቷ ጥፍሮች ጣቶቿ መሃል ሟሙ።

ቆሻሻ ውስጥ መጣል አልሆነላትም፤ የእናት እጅ የነካው ነው። ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ኋላ፣ ሰው የማይደርስበት ጥግ ቆፍራ ቀበረቻቸው። ከዚያ ችግኝ ሻጩ ዘንድ ሮጠች። ወተት የመሰለ ነጭ ነው ብሎ ማለላት፤ ቃሉን አምና የዚያኑ ዓይነት ጥፍሮች ገዛች፤ የእትዬ የአበባ መደብ ላይ ጥፍራቸውን ወደ ታች አድርጋ ተከለች። ሐኪሞቹ እትዬን እቤቷ ትሁን ብለው ሲመልሷት፣ ገና በሩን ሳታልፍ ስለ ጥፍሮቹ ጠየቀች። ተተክለዋል አለቻት። ውሸት አልተናገርኩም፣ የተተከለ ነገር አለ፣ ብላ ራሷን ደለለች። እንዴት ትንገራት? እትዬ ከዚህ ዓለም የቀራት ምኞት ያንን ነጭ አንዴ ማየት ነበር።

አልጋዋ በመደቡ ትይዩ ካለው መስኮት ሥር ተዘረጋ። ታናሽየዋ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣች። ሳህኑን በበረኪና አጠበችው፣ ሽታው አልለቀቀም፤ ወርውራ አዲስ ገዛች፣ አዲሱም ሸተተ። ደንበኞቿን ብትጠይቅ ማንም የሚሸተው ነገር የለም። ማጠቢያው ገንዳ ጋ መድረስ ፈራች፤ ልብስ እቤት ውስጥ በባልዲ ማጠብ ጀመረች። በየማለዳው ከሁሉ በፊት ተነስታ መደቡን ታያለች፤ እንቡጡ ምን ቀለም ይዞ ይመጣ ይሆን እያለች።

እትዬ ከመሞቷ ወር ሲቀረው፣ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ ብላ አልጋዋ በስተኋላ ወዳለችው ትንሽ መስኮት እንዲዞር ጠየቀች። ታናሽየዋ ደስታዋን የምትደብቅበት አጣች። መደቡን ካላየች ቀለሙንም አታይም፤ ተገላገልኩ አለች። ጎረቤታቸውን አናጺውን ጠርታ በዚያው ሰዓት አዞሩት። ጥያቄውም የጀመረው ያን ሰሞን ነው፤ በየቀኑ፣ አሥር ሰዓት ላይ።

እንቡጦቹ ሳይፈኩ እትዬ አረፈች። ከቀብሩ በዘጠነኛው ቀን ፈኩ፤ ቀይ። አንድ እንኳ ነጭ የለም። ልብስ ሰፊዋ መደቡ ዳር ቁጢጥ ብላ እንኳንም አላየች፣ እንኳንም ሳታይ ሞተች አለች፤ ብላም ራሷን ተጸየፈች።

በአሥራ አንደኛው ቀን እንደ ልማዷ ማንኪያዋን ይዛ ሄደች። ጥያቄው መጣ። በዚህ ጊዜ ግን ወደ ኋላ አልተመለሰችም፤ ማንኪያውን እንደያዘች አልጋው ላይ ተቀመጠች። ድካሙ አሸነፋትና ጭንቅላቷን የእትዬ ትራስ ላይ ጣል አደረገችው። ያቺ ትንሽ መስኮት ዝቅ ያለች ናት። ተኝተው ካዩባት የማጠቢያው ገንዳ እግሮች ይታያሉ፤ በእግሮቹ መሃል ደግሞ ከኋላው ያለው ጥግ።

አንድ ተክል በቅሏል። ሁለት አበባ ይዟል። ድፍን ነጭ።

ሳይበሰብስ የተረፈ አንድ ጥፍር ነበረ ማለት ነው። ልብስ ሰፊዋ ወደ ኋላ አሰበች፤ አልጋው የዞረበት ወር ልክ ቅጠል የሚወጣበት ጊዜ ነው። እትዬ የጥፍሮቿን ቅጠል ከሺህ ቅጠል ትለየዋለች። አንድ ቀን ግድግዳ ይዛ ደጅ ብቅ ስትል፣ ማንም ያልተከለበት ጥግ ላይ ሲበቅል አይታ፣ ሁሉን አውቃ፣ እዚህ ተኝታ ወር ሙሉ ስታየው ነበር። እያየችው ነበር የምትጠይቃት። ፀሐይ የወጋው ዓይን አልነበረም።

ሽሮፑ አንሶላው ላይ ፈሰሰ።

«አለ፣ እትዬ» አለች። «የምነግርሽ አለ።»

ከዚያ አወራች፤ ሙሽራዋን፣ ሳህኑን፣ ሻጩን፣ አንዱንም ሳታስቀር። ስትጨርስ ጆሮዋን አቀናች። ከዚያ አንሶላውን ገፍፋ ወደ ማጠቢያው ገንዳ ይዛው ሄደች።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ማንኪያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሽሮፑ እጇ ላይ እስኪደርቅ ቆመች። የጠየቃት አልነበረም።