መጀመሪያ ቅመሺ

«ይኼ የቻይና ሥር የልጄን ደም ምን ያደርገው ይሆን?» እትዬ በለጥሽ ወደ ድስቱ አጎንብሰው አዩ። ውሃው እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል።

ሥሩን ያመጣችው የልጅ ልጃቸው ፊቤ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ትምህርት የምትማረዋ። ከቻይኖች ሱቅ ገዝታ አባቷ ምሕረቱ ለስኳሩ እንዲጠጣው አፈላችው። እትዬ በለጥሽ ግን በስደት በሚኖሩበት በጀፕስታውን ሰፈር መንገድ ዳር ሥር የሚሸጡትን ሲያዩ እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ። በጌታ ቤት ያረጁ ሴት ናቸው፤ ሥርና ቅጠል ከማን ደጅ እንደሚመጣ ከአገራቸው ያውቁታል። ደግሞ የልጅቷ አኳኋን ሰሞኑን አላማራቸውም፤ ምግብ ትገፋለች፣ ስልክ ሲጠራ ወደ ጓሮ ትወጣለች።

«እማማ፣ ጥንቆላ አይደለም እኮ» አለች ፊቤ። «አልካሎይድ የሚባል ነገር አለው፤ የሚመረው እሱ ነው። ስኳር ያወርድ እንደሆን እየተጠና ነው። ሐኪሙንም ጠይቄያለሁ፤ ኪኒኑን ሳይተው፣ እየተለካ ትንሽ ይሞክር ብሏል።»

«የሚጠናውን በልጄ ላይ ልታጠኚ!»

ምሕረቱ ሳቀ። «እማዬ፣ ስፓዛ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ያስተማርኳት እንድትመርዘኝ ነው? በይ አምጪው።» ኩባያውን አነሳ።

«ቆይ!» እጁን ያዙት። «እኛ ዘንድ ወተት እንኳ ቢሆን ያቀረበ ቀድሞ ይቀምሳል። ቅመሺ!»

ፊቤ ወደ ኋላ አለች። «እኔ አልችልም።»

«አልችልም ብሎ ነገር ምንድን ነው?»

«ለእኔ አይሆንም፣ እማማ። ተዪኝ።»

«ሰማህ? ለእሷ ያልሆነ ላንተ ሊሆን! አላልኩህም?»

የምሕረቱ ሳቅ ጠፋ። ኩባያውን አስቀምጦ ልጁን እንደ ባዕድ አያት። ያንን አስተያየቱን ልጅቷ አልቻለችውም።

«መርዝ አይደለም፣ ዳዲ። ነፍሰ ጡር ናት የማትጠጣው። ጽንስ ይጎዳል።»

ያላገባች ልጅ፤ ያውም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ። እትዬ በለጥሽ ቅድም ምላሳቸውን በነከሱት! ካፍ የወጣ አፋፍ ሆነና ነገሩ፣ የሚይዙት የሚጨብጡት ቢያጡ ኩባያውን ብድግ አድርገው ጨለጡት። ምሬቱ ዓይናቸውን አስጨፈናቸው።

«ይኸው እኔ ቀመስኩልህ! ደህና ነው፣ ምንም የለበትም። ሌላ ልቅዳልህ፣ ልጄ። እሷንም እንዲያ አድርገህ አትያት፣ ልጅ ናት።»

ከድስቱ ቀድተው ሲዞሩ ምሕረቱ የሱቁን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንስቷል። ልጁንም እናቱንም ቀና ብሎ ሳያይ፣ የብረቱን በር ከፍቶ ወጣ።