እንዳታለቅስ ተብሎ

በተላላፊው በሽታ ምክንያት ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ ትእዛዝ የተላለፈው ሰኞ ዕለት ነው። ማክሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ ልብስ እጥበት ክፍል ኃላፊ አሥራ አራቱን አጣቢዎች ሰብስቦ፣ «መግባት የሚፈልግ ይግባ፣ መቅረት የሚፈልግ ይቅር፤ የገባ ግን እስኪነገረው ድረስ ከግቢው አይወጣም» አላቸው። የበሽተኞችን አንሶላ ሲያጥብ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ልጅ ማቀፍ የለበትም ማለቱ ነበር። ማደሪያ ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው የነርሶች ማሠልጠኛ ተሰናድቷል። እንዲያስቡበት እስከ ቀትር ጊዜ ሰጣቸው።

ከአጣቢዎቹ አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ እናት ናት። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሰው ቢቆም ጭነት አይቆምምና መንገድ ላይ ነበር፤ ለወራትም አይመለስም። ደውላ ብታማክረው፣ «አንዴ ከለቀቅሽ ማን መልሶ ይቀጥርሻል? ለልጅቷ እታለም አለች» ብሎ ገላገላት።

እታለም የሹፌሩ ታላቅ እህት ናቸው። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የራሳቸው ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። ወንድማቸውን ከሕፃንነቱ ያሳደጉት እሳቸው በመሆናቸው በዚያ ቤት ቃላቸው መሬት አይወድቅም። ተጠርተው ሰዓት ሳይሞላ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ደረሱ። ምግቧን እየለቀመች ግማሹን ጠረጴዛ ላይ ስለምታራግፍ፣ ልጅቷን ድንቢጥ ብለው የሰየሟትም እሳቸው ናቸው።

ድንቢጥ ያን ሰሞን ጉንፋን ይዟት ነበር። እናቷ ልብስ በፌስታል እየከተተች ሳለ ሮጣ መጥታ ልትጠመጠምባት ስትል አሳላት። እናትየው ከበሽተኛ ክፍል የወጣ አንሶላ ስትሸከም ያረፈደችበትን ልብስ ገና አልቀየረችም። ደንግጣ፣ «እንዳትነኪኝ! ወዲያ ሂጂ!» ብላ ጮኸች። ልጅቷ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ሰዓቱ ደርሶ ስለነበር እናት ከበሩ ላይ ሆና መዳፏን ስማ አወዛወዘችላትና ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ በምሳ ሰዓት ትደውል ነበር። ድንቢጥ የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ትነፋረቃለች፤ ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ ይብስባታል፤ ምግብ እንቢ ትላለች። በስምንተኛው ቀን እታለም ስልኩን ይዘው ወደ ማድ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ።

«ስሚኝ ልጄ፣ ድምፅሽን በሰማች ቁጥር ቁስሏን እየነካካሽው ነው። ትንሽ ተያት። ሕፃን ቶሎ ይረሳል።»

«እታለም፣ ለአንድ ደቂቃ እንኳ…»

«አንቺ ለአንድ ደቂቃ ትያለሽ፣ የቀን ሙሉ ልቅሶው ለእኔ ይቀራል። እኔ እየነገርኩሽ እውላለሁ፤ እሷን ግን አገናኙኝ አትበይኝ።»

እናትየው እሺ አለች። እውነቱን ለመናገር ቅር እያላት ትንሽ ቀለል አላት። እጥበት ክፍሉ ውስጥ ማሽኖቹ ሲያጓሩ ይውላሉ፤ በረኪናው በጓንቱ ሰርጎ የጣቶቿን ቆዳ ይልጠው ጀምሯል፤ ከዚያ ላይ የልጅ ለቅሶ ተጨምሮበት እንዴት እንደምትቆም አታውቅም ነበር። ያቺን ቅለት ኋላ ላይ ስታስታውሳት ራሷን ትጠላለች።

እታለም ክፉ ሴት አልነበሩም። ሬዲዮውን ከአልጋ ሥር ሸሸጉት። የበሽታው ስም በዚያ ቤት እንዳይጠራ ከለከሉ። ለድንቢጥ አሻንጉሊት ሰፉላት፣ በቆርኪ ገበያ እየተገበያዩ ቆጠራ አስተማሯት፣ ፊደል አስቆጠሯት፣ ሰውን «እርስዎ» ብላ ማክበርም አስለመዷት። «እማዬ የታለች?» ብላ ስትጠይቅ፣ «ሥራ ናት» ይሉና ብስኩት ያስጨብጧታል። ሦስት ብስኩት ከበላች በኋላ መጠየቅ ተወች። እታለምም ይህን እንደ ድል ቆጠሩት። «በላች፣ ተጫወተች፣ ተኛች» ይላሉ በስልክ። «ዛሬም አላለቀሰችም።»

ከእናትየው ጎን የምትሠራው ልብስ ተኳሿ ሦስት ልጆች አሏት። በየምሳ ሰዓቱ ትደውልላቸዋለች፤ እነሱ ያለቅሳሉ፣ እሷም ታለቅሳለች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ ካውያዋ ትመለሳለች።

«ምነው ታስለቅሻቸዋለሽ?» አለቻት እናትየው አንድ ቀን።

«ታዲያ ይዝፈኑ? እናታቸው ጠፍታባቸው!» አለች ተኳሿ። «ያንቺስ ልጅ ዝም አለች?»

«ዝም ብላለች። ደህና ናት።»

«ዝም ያለ ውሃ ጥልቀቱ አይታወቅም፣ እህቴ።»

እናትየው በዚያው ዕለት ደወለች። እታለም፣ «ተኝታለች» አሏት። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር። ድንቢጥ ከሦስት ዓመቷ ወዲህ ቀን ተኝታ እንደማታውቅ እናቷ ታውቃለች። ቢሆንም፣ «እሺ፣ ስትነሳ ሳሙልኝ» ብላ ዘጋች።

በአራተኛው ወር መጨረሻ ተመርምራ፣ ነፃ ነሽ ተብላ ተለቀቀች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሳታርፍ ወጣች። በሩን የከፈተችው ድንቢጥ ናት። ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ቁመቷ ጨምሯል።

«እንደምን አደሩ?» አለች። «ይግቡ። እታለምን ልጥራልዎት?»

እናትየው ማስኩ ነው ያሳሳታት ብላ አወለቀችው። ልጅቷ አየቻትና ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሸሸች፤ በእጇ አፏን ሸፈነች።

«እኔ እኮ ነኝ፣ ድንቢጤ! እናትሽ!»

«አውቄዎታለሁ። አልጠጋዎትም። አሁንም አንዳንዴ ያስለኛል።»

እናትየው እደጃፉ ላይ ተንበረከከች። «ማነው እንዳትጠጊኝ ያለሽ?»

«እርስዎ ነዎት። ስላሳለኝ ተቆጥተው ሄዱ።» ልጅቷ የተማረችውን እንደምታነብ ሁሉ ቀስ ብላ፣ ሳትሳሳት ተናገረች። «እንዲመለሱ ብዬ ሲያስለኝ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው የምስለው። ግን አልመጡም። ስልክም ተዉ።»

እታለም እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ ከማድ ቤት ወጥተው ቆመው ነበር። «ምነው ለእኔ አልነገርሽኝም፣ እናቴ?»

«ስጠይቅሽ ብስኩት ትሰጪኝ ነበር» አለች ድንቢጥ። ለወቀሳ አልነበረም፤ የሆነውን ነው የተናገረችው። ወደ እታለም ሄዳም ቀሚሳቸው ሥር ገባች።

ልጅቷ ክፍሏ ከገባች በኋላ ሁለቱ ሴቶች ሳሎን ውስጥ ተፋጠጡ።

«እናቷ በእሷ ጥፋት እንደሄደች እያሰበች አራት ወር ከረመች» አለች እናትየው። «በሽታ መጥቷል ብሎ አንድ ቃል መንገር ምን ይጎዳ ነበር?»

«አንድ ቀን አላስለቀስኳትም!»

«ማልቀስ ነበረባት! የኔን ልጅ አፍ በብስኩት ደፍነው እንዴት እንቅልፍ ወሰደዎት?»

እታለም ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉ። «ዕድሜ ልኬን የሰው ልጅ ነው ያሳደግሁት። አንድም ቀን እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ከእንግዲህ አይሰሙም። ሻንጣዎን ያንሱ።»

ቃሉ ካፏ ወጣ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ። እታለም ዕቃቸውን አጣጥፈው ሲጨርሱ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «እሺ፣ እኔ ስልኩን ከለከልኩሽ። አንቺስ እሺ ብለሽ አልተኛሽም?» አሏትና ወጡ። 

ሹፌሩ ከመንገድ ላይ ደወለ። «እህቴን አባረርሻት? ሰው በየቀኑ እየሞተ አንቺ የሳል ነገር ታነሺያለሽ?» ብሎ የእሷን ሳይሰማ ዘጋው።

በሚቀጥሉት ቀናት እናትየው መደረግ አለበት ያለችውን ሁሉ አደረገች። ሬዲዮውን ከአልጋ ሥር አወጣች። ድንቢጥን አስቀምጣ ስለ በሽታው፣ ስለ አንሶላው፣ ያን ዕለት ለምን እንደጮኸች በዝርዝር ነገረቻት። «ያንቺ ሳል ጉንፋን ነበር። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የፈራሁት ራሴን ነው» አለቻት። ድንቢጥ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«እሺ» አለች። «አሁን እታለም ትመጣለች?»

በሁለተኛው ቀን ምግብ ተወች። በሦስተኛው ቀን መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች፤ የአራት ወሩ ሁሉ ተጠራቅሞ የቆየ ይመስል አገር ይያዝልኝ ብላ አለቀሰች። እናቷ ልታቅፋት ስትሞክር እየተንፈራገጠች ከእጇ ታመልጣለች። አምልጣም፣ «ይተዉኝ!» ትላለች። እንዲህ እየሆነች እንኳ አክብራ ነው።

እናትየው ማድ ቤት ገብታ ስልክ ደወለች።

«እታለም፣ ይምጡልን።»

«ምን ሆነች?»

«አለቀሰች።»

«ባንቺ ምክንያት?»

«በእርስዎ።»

እታለም እሰይ አላሉም። የሚገዛ ነገር እንዳለ ጠይቀው ዘጉ። ቅዳሜ ጠዋት ሲደርሱ ድንቢጥ የእናቷን ክንድ ገፍታ በሩን ከፈተችና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱም ተላቀሱ። እናትየው በሩ ላይ የቀረውን ሻንጣ አንስታ ወደ ልጅቷ ክፍል አስገባች፤ ከዚያ እታለም ከመሄዳቸው በፊት ይተኙበት ከነበረው አልጋ ላይ የራሷን ትራስ ይዛ ወደ ሳሎን ወጣች።

ምሳ ከበሉ በኋላ እታለም፣ «ሥራ መቼ ትገቢያለሽ?» አሏት፤ ወደ እሷ ሳያዩ።

«ሰኞ። አሁን ማታ ማታ መመለስ ተፈቅዷል።»

«እንግዲያው ራስሽ ንገሪያት። እኔ ከእንግዲህ ስላንቺ አንድም ነገር አልነግራትም።»

ድንቢጥ ሶፋው ላይ ራሷን እታለም ጭን ላይ አሳርፋ ተጋድማ ነበር። እናቷ ከፊቷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ጠዋት ሄጄ ማታ እመጣለሁ። በምሳ ሰዓት እደውልልሻለሁ። ካስፈለገሽ እያለቀስሽም ታናግሪኛለሽ።»

ልጅቷ የእታለምን ቀሚስ ጨበጥ አደረገች።

«እታለም ግን ከእኔ ጋር ትቀራለች፣ አይደል?» አለች።